የመሪጌታ ፈንታ እርማት

ሱሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበስኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እሱንም በሐኪም ትእዛዝ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም ሱቅ ውስጥ መስታወት ፊት ቆሜ ስቄያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ሥራዬ መቀመጥ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩ። ሰው ይመጣል፣ ፋይል ይጠይቃል፣ እነሣለሁ፣ እሰጣለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ስቀመጥ ወገቤ አኮረፈ። አንድ ቀን ከታችኛው መደርደሪያ ፋይል ላወጣ ጎንበስ አልኩና እዚያው ቀረሁ። እውነቴን ነው፤ ጎንበስ እንዳልኩ! ሁለት ባለጉዳዮች ግራና ቀኝ ይዘው እንደ ዘመመ ቁም ሣጥን አቀኑኝ። ሐኪሙ ወገቤን አየ፣ ስኳሬን ለካ፣ ፊቱን አጨማደደና፣ "እትዬ፣ ከእንግዲህ መድኃኒትዎ እንቅስቃሴ ነው" አለኝ። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ብለው፣ ጂም ይግቡ አይለኝም!

ጂም ማለት ደረታቸውን ለማሳበጥ የቸኮሉ ጎረምሶች የሚገቡበት ቤት ይመስለኝ ነበር። አልተሳሳትኩም፤ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዛሬም ስትገቡ በቆሎ በቆሎ ይሸታል፤ በላዩ ላይ ላብ ተጨምሮበታል። ከብረቶቹ ግማሹ ከባሕር ዳር የመጣ ነው፣ ግማሹን እዚሁ ብየዳ ቤት ሠርተውታል። አሠልጣኙ ይበልጣል ይባላል። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ትከሻው በር ይሞላል፤ ታላቅ ሰው ሲያናግረው ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ መሬት መሬት ያያል። የቤተ ክህነት ቤት ልጅ መሆኑን ሳይነግረኝ ነው ያወቅኩት።

በመጀመሪያው ቀን፣ "እትዬ የሻረግ፣ ስንት ኪሎ ያነሣሉ?" አለኝ።

"የማነሣው ፋይል ነው፤ መዝኜው አላውቅም" አልኩት።

ባዶውን ብረት ሰጠኝ። ምንም ያልተሰካበትን! እሱም አልነሣ አለኝ። ጎረምሶቹ አልሳቁም፤ የባሰው ይኼ ነበር። ቢስቁ እቆጣ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አይዞዎት" ሲሉኝ ግን ልቅሶ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። ሁለተኛ እግሬን አላነሣም ብዬ ወጣሁ። ግን ሱሪው አለ። ተገዝቷል። የት ልለብሰው ነው? በማግሥቱ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ስለ አንገቴ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ቡሬ ዙሪያ፣ ገጠር ነው። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ እጇ የተመሰከረላትን ነቃሽ አስጠርታ አንገቴን አስነቀሰችኝ። ሦስት ዙር እንደ ድሪ፣ ከሥሩ ደግሞ ትናንሽ መስቀሎች። ሦስት ቀን አንገቴ አብጦ እንደ ባለሥልጣን ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ሲድን ግን! በሰፈራችን እንደኔ ቆንጆ አልነበረም። ለትምህርት ፍኖተ ሰላም ስመጣ የከተማ ልጆች አንገቴን አዩና "ሰንሰለቷ" የሚል ስም አወጡልኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሻርፕ ጠመጠምኩ። በሚያዝያ ሙቀት እንኳ አላወልቅም ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ብርድ አይስማማትም ይሉኝ ነበር። እኔም አይስማማኝም እል ነበር።

ጂም በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት በገመድ የሚሳበውን ብረት ስስብ የሻርፔ ጫፍ ከገመዱ ጋር መዘውሩ ውስጥ ገባ። ብረቱ ወደ ላይ ሄደ፤ እኔም አብሬው ልሄድ ሆነ። ይበልጣል ሮጦ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ በሌላው ሻርፔን ፈታልኝ። አንገቴ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አየር አገኘ። በቃ፣ አሁን ስም ሊወጣልኝ ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

"እትዬ፣ ይኼን ማን ሠራልዎት?" አለ አንዱ። ሙሉቀን ነው፣ የባጃጅ ሾፌሩ።

"ገጠር ነው የተሠራሁት።"

"በምን ማሽን?"

"በእሾህ።"

"በእሾህ!" ሁሉም ብረቱን አስቀመጠና ከበበኝ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ላንሣ አለ። ሙሉቀን ሱሪውን ጠቅልሎ ባቱን አሳየኝ። ጊንጥ ተነቅሷል። ጊንጡ ግን ጭራ የለውም። ለካ ጭራው ላይ ሲደርስ ሙሉቀን ራሱን ስቶ ኖሯል፤ ከነቃ በኋላም በቃኝ ብሎ ወጣ። "እርስዎ በስምንት ዓመትዎ፣ በእሾህ፣ ሦስት ዙር?" እያለ አንገቴን እንደ ሜዳልያ ያየዋል። ሠላሳ ዓመት የደበቅኩት ነገር እኮ ነው! በሳምንቱ መሥሪያ ቤትም ያለ ሻርፕ ገባሁ።

ያን ቀን ዝም ያለው ይበልጣል ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሲሄዱ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "እናቴም እንዲሁ ናት" አለኝ። ልጁ ሁልጊዜ ባለ ረጅም እጅጌ ሹራብ ነው የሚለብሰው። አሠልጣኝ ሆኖ ክንዱን የሚደብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምክንያቱን ያን ዕለት ነገረኝ።

አባቱ መሪጌታ ፈንታ ከጅጋ ወረድ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ይበልጣል ባሕር ዳር ሳለ ክንዱን ታቱ ተነቀሰ። ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሄዶ በግ ሲገፍ እጅጌውን ሰበሰበ፤ አባትዬው አዩ። አልጮኹም። ምን እንደተጻፈ እንኳ ጠጋ ብለው አልተመለከቱም። "አንተ ተነቀስክ፤ እሾሁ ግን እኔ ላይ ቀረ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የቅኔ ሰው ሲቆጣ እንዲህ ነው። ሰውነት ይነቀሳል፣ የወጋ እሾህም ሲወጣ ይነቀሳል፤ በአንድ ቃል ልጃቸውንም ራሳቸውንም ወጉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አላነጋገሩትም። እናቱ እማማ አንጓች ስልክ ሲደውልላቸው፣ "አባትህ ሰላም ብለውሃል" ይሉታል። ከራሳቸው ጨምረው መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ማወቁን ያውቃሉ።

"የእናትህን ንቅሳትስ ምን ይላሉ?" አልኩት።

"እሱን ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል?" አለኝ።

ወራት አለፉ። ስኳሬ ወረደ። ወገቤ ታረቀኝ። አርባ ኪሎ ከመሬት ማንሣት ጀመርኩ። የታችኛውን መደርደሪያ እንደ ድሮ ጠላት በንቀት ነው የማየው።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ሆነን እየሠራን የይበልጣል ስልክ ጮኸ። እማማ አንጓች ናቸው። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ለሁላችንም ይሰማል። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጭቃው አንሸራቷቸው ወድቀዋል። ወጌሻው መጥቶ ጭናቸውን ዳበሰና፣ ይኼ ከእኔ በላይ ነው፣ ሆስፒታል አድርሷቸው ብሎ ሄደ። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪና ከጅጋ አያልፍም። የመንደሩ ወጣት ደግሞ ለአረም ሥራ ቆላ ወርዷል። "አራት ሽማግሌ ነው ያለው ልጄ። አንደኛው ዐይናቸውም አያይ" አሉ እማማ አንጓች።

ይበልጣል ስልኩን እንደያዘ ቆመ። ያ በር የሚሞላው ትከሻ ሲሟሽሽ በዐይኔ አየሁ። "እኔን ሲያዩ አልሄድም ቢሉስ?" አለ።

"ባይሄዱ ተሸክመን እንወስዳቸዋለን" አልኩት። "ይኼን ሁሉ ብረት የምናነሣው ለምን ብለን ነው?"

ሚኒባስ ይዘን ጅጋ ወረድን። ከጅጋ በኋላ በእግር ነው። ሁለት ሰዓት ያህል መረሬ በሚባለው ጥቁር አፈር ውስጥ ሄድን። አንዱን እግር ስታወጡ ሌላው ይጠልቃል። ሙሉቀን አንድ ጫማውን ጭቃው በላበት፤ ሊፈልገው ጎንበስ ቢልም አልተመለሰለትም።

ስንደርስ መሪጌታ መደብ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሕመሙን ጥርሳቸውን ነክሰው ይዘውታል። ልጃቸውን አዩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይበልጣል በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እማማ አንጓች ግን አንገቴን ሲያዩ የራሳቸውን አንገት ነካ አደረጉና ዘመድ እንዳገኘ ሰው አገላብጠው ሳሙኝ።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አሉ መሪጌታ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

"ተሸካሚዎች ነን የኔታ" አልኩ።

"ሴትም ቃሬዛ ትሸከማለች?"

"አርባ ኪሎ አነሣለሁ የኔታ።"

"እኔ ስንት የምመዝን ይመስልሻል?"

"በጾም ወራት ብዙም አይሆኑም።"

ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ይሁን ሕመም አላወቅኩም፤ ብቻ አልሄድም አላሉም። ከሁለት አጣና በጠፍር የተሠራውን የመንደሩን ቃሬዛ አመጣን፤ እግራቸውን በእንጨት ደግፈን አሰርን፤ አራት ሆነን ተሸከምን። የቀሩት ሁለቱ እየቀያየሩን፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ እየጸለዩ ጉዞ ጀመርን። ይበልጣል ከራስጌ በኩል ያዘ። አባትና ልጅ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው፤ ቃል የለም። ቃሬዛው በተናጠ ቁጥር አባት ይቃትታሉ፣ ልጅ ከንፈሩን ይነክሳል። እንዲህ ያለ ከባድ ዝምታ ተሸክሜ አላውቅም።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ዝናብ ወረደ። ይበልጣል አጣናውን ለአፍታ አስይዞ ሳያስብ ያን ሹራብ አወለቀና የአባቱን ራስ ሸፈነበት። ክንዱ ራቁቱን ቀረ። ታቱው እነሆ፤ ከትከሻው እስከ ክርኑ በትልልቅ ጥቁር ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል። እኔ እንኳ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከመሪጌታ ፊት ደግሞ አንድ ስንዝር አይርቅም። ቀና ብለው አዩት። መልሰው ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና ገለጡ።

ከዚያ ወንዙ መጣ። ስንመጣ ቁርጭምጭሚት የነበረው ውኃ አሁን ወገብ ሊደርስ ነው። ሕመምተኛው እንዳይረጥቡ አጣናውን ከራሳችን በላይ ከፍ አድርገን መሻገር ነበረብን። ተራው ደግሞ የኔ ሆነ። ሙሉቀን ልተካዎት አለኝ። አይሆንም አልኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እልህ ነው። መሐል ላይ ስንደርስ ክንዴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከራስጌ የይበልጣል ድምፅ መጣ፤ ልክ እንደ ጂሙ። "አንድ እርምጃ ብቻ እትዬ! አሁንም አንድ! ይችላሉ! አንድ ብቻ!" ዋሾ ነው፤ አንድ አልነበረም፣ ዐሥራ አምስት ነበር። ግን ተራመድኳት። ዐሥራ አምስቱንም። ማዶ ስንወጣ የመሪጌታ ነጠላ ጫፉ እንኳ አልረጠበም። ያን ጊዜ ያልኩትን ልንገራችሁ? ወደ ሰማይ አንጋጥጬ፣ "የቡሬ ልጅ!" ብዬ ጮህኩ። እጅ ለእጅ ተያይዘው የተሻገሩት ሽማግሌዎች ደነገጡ። ይደንግጡ።

ቃሬዛውን ሣሩ ላይ አሳርፈን ቁና ቁና ስንተነፍስ፣ "ይበልጣል" የሚል ድምፅ ሰማን።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠሩት ስም ነው።

"አቤት አባባ።"

"ክንድህን አምጣ።"

ተንበረከከና ክንዱን ሰጣቸው። ያዙት። ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። በጥፊ ሊመቱት ነው ብዬ እኔ ጨነቀኝ።

"ምንድን ነው የሚለው?" አሉ።

"ኃይል ነው የሚለው አባባ።"

"አይልም።"

"ይላል አባባ፤ ኃይል ነው።"

"አይልም አልኩህ! ይኼ ሃሌታው ሃ ነው! ኃይል በብዙኃኑ ነው!"

ትምህርት ቤት ስንገባ የተማርነው ነው፤ ሀ ሦስት ዓይነት ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ኃይል የሚጻፈው በመጨረሻው ነው። የባሕር ዳሩ ነቃሽ ግን በመጀመሪያው ጽፎት ኖሯል። የቅኔ መምህር ልጅ ክንድ ላይ! በዚያ ስፋት!

መሪጌታ ይኼን ብለው በቁጣ ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱና ገታ አሉ። የገዛ ቃላቸው ጆሯቸው ገባ። ዙሪያቸውን ተመለከቱ። አንድ ጫማ ያለው የባጃጅ ሾፌር። ጭቃ የለበሱ ጎረምሶች። አንዲት ሱሪ የለበሰች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ከኋላ ተከትለው የመጡ አራት ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ማየት የማይችሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ደገሙት።

"ኃይል… በብዙኃኑ… ነው።"

ዐይናቸው የማያየው ሽማግሌ የገዛ ጭናቸውን መቱና፣ "ይበል! ይበል መሪጌታ!" ብለው ጮኹ። ቀድመውን ገብቷቸው ነው። የፊደል እርማት የነበረው ቃል ለእኛ ምስጋና ሆኖ ወጣ። ይበልጣል ግንባሩን አባቱ ደረት ላይ አድርጎ አለቀሰ። አባትዬው ራሱን እየደባበሱ፣ "ሁለት ዓመት ሙሉ በንቅሳቱ ስናደድ ኖርኩ" አሉ። "ይኼን ባውቅ ኖሮ በፊደሉ ነበር የምናደደው።" ከዚያም፣ "በሉ አንሡኝ፤ አሞኛል" አሉን። አነሣናቸው። የቀረው መንገድ ቀለለኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? ክብደታቸው ያው ነው፤ ዝምታው ግን ወርዶ ነበር።

ሆስፒታሉ አጥንታቸውን ጠገነው። ፍኖተ ሰላም ልጃቸው ቤት ተኝተው ሲያገግሙ ግን የተሰበረው አጥንት አላስጨነቃቸውም። ፊደሉ እንቅልፍ ነሳቸው። "ኃጢአቱን ንስሐ ያጠፋዋል፤ ስሕተቱን ግን የሚያነበው ሁሉ ያየዋል" ይላሉ። መፋቅ እንደማይቻል ሲነገራቸው ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል እንደሚታረመው ይታረም አሉ። ከስሕተቱ በላይና በታች ቀጭን መሥመር፣ ከአናቱ ደግሞ ትክክለኛው ፊደል በደቂቅ ጽሕፈት። በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ቀለማቸው ወረቀት ላይ ነደፉለት። ይበልጣልም ወረቀቱን ይዞ ባሕር ዳር ሄዶ አሳረመ። የቅኔ መምህር ልጃቸውን ንድፍ ሰጥተው ሊነቀስ ሲልኩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

እማማ አንጓች አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ እኔስ ይኼን ሁሉ ዓመት ተነቅሼ ስኖር ለምን አንድ ቀን አልተቆጡኝም ብለው ጠየቋቸው። መሪጌታ ቀና ብለው የሚስታቸውን አንገት አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። "አንቺ ላይማ ምን ስሕተት አለ?" አሉ። እማማ አንጓች በዚያ ዕድሜያቸው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ዛሬ መሪጌታ ሐኪም ባዘዛቸው መሠረት እግራቸውን ለማጠንከር ጂም ይመጣሉ። ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ጥግ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። የኛንም ይቆጥሩልናል፤ በግእዝ ነው። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ። እኔ ስልሳ ኪሎ የገባሁት በሳቸው ቆጠራ ነው። ሲቆጥሩ አንድም አያስተርፉ፣ አንድም አይዘሉ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰው። አሁን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ታቱ የሚነቀስ ሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱን ይዞ እሳቸው ጋ ይመጣል። መጀመሪያ ቁጭ አድርገው ክልክል መሆኑን ከነምክንያቱ ያስተምሩታል። ተምሮም ካልተመለሰ መነጽራቸውን አጥልቀው ፊደሉን ያዩለታል። ስሕተቱ እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ከሚዞር ይሻላል ባይ ናቸው።

ባለፈው ሰሞን ሙሉቀንም ወረቀት ይዞ መጣ። የአንዲት ልጅ ስም ነው፤ "ፀሐይ" ይላል። ልቡ ላይ ሊነቀሰው ነው። ከተዋወቁ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። መሪጌታ ስብከታቸውን ሰጡት፤ አልተመለሰም። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ከላይ ወደ ታች አዩት፣ አገላብጠውም አዩት። ከዚያ አጥፈው መለሱለት።

"ፊደሉ ላይ ስሕተት አላገኘሁም" አሉት። "የቀረውን ስሕተት ራስህ ታገኘዋለህ።"